እየተጣራ ነው

አባቴ ይጣራል፣ የሚሰማው ግን የለም። ያን ክረምት በሙሉ ያመንኩት ይህንን ነው። ያመንኩትም ሰው ነግሮኝ ሳይሆን በገዛ ጆሮዬ ሰምቼ ነው።

የሰማሁት ግቢያችን ውስጥ፣ ከልብስ ማስጫው ገመድ ሥር ነው። እማዬ አንሶላ አጥባ አስጥታለች፤ እኔ በሁለቱ እርጥብ አንሶላዎች መሀል ቁጭ ብዬ ቤት ሠርቻለሁ። ግድግዳው ነጭ ነው፤ ነፋስ ሲመጣ ሆዱን ይነፋል፤ የሳሙና ሽታ አለው። ለብቻዬ መጫወት የምወድ ልጅ ነበርኩ። ዛሬም ለብቻዬ ነኝ፤ ልዩነቱ አሁን ለግድግዳው ኪራይ መክፈሌ ነው።

አጎቴ መጣ። የእማዬ ታናሽ ወንድም ነው፤ የታክሲ ረዳት። ቀኑን ሙሉ በር ላይ ተንጠልጥሎ የሰፈር ስም ሲጣራ ስለሚውል ድምፁ ሁልጊዜ የተሰነጠቀ ነው። መጣራት የሚለውን ቃል የማውቀው በእሱ ነው። “አጎትህ የት ሄደ?” ሲሉኝ “እየተጣራ ነው” እላለሁ፤ ሌላ ሥራ የለውማ።

“ሄድክ?” አለችው እማዬ። የልብስ መቆንጠጫ በጥርሷ ይዛ ስለነበር ድምጿ ታፍኗል።

“ከዚያው ነው የመጣሁት፣ እትዬ።”

“ምን አሉህ?”

“ምን ይላሉ? ያው ነው። እየተጣራ ነው።”

“አሁንም?”

“አሁንም። እኔማ አልቻልኩም፣ ‘ሲጣራ ከረመ እኮ፣ መቼ ነው የሚጠራው?’ አልኳቸው። ሳቁብኝ።”

እማዬ መቆንጠጫውን ከአፏ አወጣች። “ማን ይሰማዋል እሱን?” አለች። “እዚያ ሆኖ ማን ይሰማዋል?”

“እሱስ ይናገራል። ሰሚ ነው ያጣው።” አጎቴ ጉሮሮውን ጠረገ። “ለማንኛውም ያንቺን ቁጥር ሰጥቻለሁ። የሆነ ነገር ሲኖር እንደውላለን ብለዋል። ሲጠራ ቶሎ አንሺ፣ አደራ። እነሱ ደግመው አይደውሉም፤ ካላነሳሽ ወረቀቱ ሌላ ወረቀት ሥር ይገባና እንደገና ከሀ ነው የምንጀምረው።”

ወረቀቱ አልገባኝም። ሌላው ግን ግልጽ ብሎ ገባኝ። አባዬ ለሥራ ሌላ ከተማ ሄዷል፤ ይህን እማዬ ራሷ ነግራኛለች። እዚያ ሆኖ እየተጣራ ነው። ሲጣራ ከርሟል። እማዬ ግን አልሰማችውም። ካልሰማችው ደግሞ ደክሞት ይተወዋል፤ ሰው እስከ መቼ ይጣራል?

ዛሬ ያንን ንግግር ስሰማው ሌላ ነው። አባቴ የትም አልሄደም ነበር፤ ሁለት ታክሲ ተይዞ የሚደረስበት ፖሊስ ጣቢያ ውስጥ ነበር። የቀለም ፋብሪካ መጋዘን ኃላፊ ነው። በርሜል ጎደለ ተባለ፣ ቁልፉ በእሱ እጅ ነው ተባለ፣ ወሰዱት። ይጣራ የነበረው እሱ ሳይሆን ጉዳዩ ነው። ነገር ግን ይህንን የሚነግረኝ አልነበረም። ለልጅ የሚነገረው ሌላ ከተማ ነው።

ትምህርት ቤት ስለተዘጋ፣ የሚይዘኝም ሰው ስለሌለ እማዬ ወደ ሥራዋ ይዛኝ ትሄዳለች። የደንብ ልብስ የሚሰፋበት አዳራሽ ነው፤ የነርስ፣ የጥበቃ፣ የተማሪ። እማዬ ኮሌታ ነው የምትገጥመው። ቀኑን ሙሉ አንገት የሌለው ሸሚዝ ይመጣላታል፣ አንገት ሰጥታ ትሸኘዋለች። እኔ መቁረጫው ጠረጴዛ ሥር፣ ቁርጥራጭ ጨርቅ መሀል እቀመጣለሁ። የስፌት መኪናዎቹ ሲነሱ ወለሉ ይንቀጠቀጣል፤ መንቀጥቀጡ በመቀመጫዬ ገብቶ በጥርሴ ይወጣል። እዚያ ሥር ሆኜ የአባዬን ድምፅ አስባለሁ። ሽቦ ላይ ወጥቶ፣ ከእንጨት ወደ እንጨት እየዘለለ፣ ወፎቹን ‘እንዴት ዋላችሁ’ እያለ ሲመጣ ይታየኛል። አዳራሹ ደጅ ሲደርስ ግን መኪናዎቹ ይውጡታል።

ሌላም ችግር ነበር። የሴቶቹ ስልክ በሙሉ አንድ ዓይነት ነው። አንድ ነጋዴ በር ድረስ አምጥቶ በዱቤ የሸጠላቸው ባለቁልፍ ስልክ ነው፤ ሲጠራ ቲሪሪም፣ ቲሪሪም ይላል፤ የሁሉም ቲሪሪም ይላል። አንድ ስልክ ሲጠራ የአዳራሹ ሴት ሁሉ እጇን ሽርጧ ኪስ ውስጥ ትከታለች።

“የኔ ነው?”

“የኔ ነው መሰለኝ።”

“የኔስ አይደለም፤” ትላለች ቁልፍ ሰፊዋ፣ ከእማዬ ጎን የምትቀመጠው ወፍራም ሳቂታ ሴት። “ለኔ የሚደውልልኝ ካምፓኒው ብቻ ነው፤ ሂሳብሽ አልቋል ሊለኝ።”

ሁሉም ይስቃሉ። እማዬ ግን አትስቅም። ስልኳን አውጥታ ታየዋለች፣ የእሷ አለመሆኑን ታያለች፣ መልሳ ታስገባዋለች። አስገብታም ኪሷን ከላይ በእጇ ትጫነዋለች። እኔ ከጠረጴዛው ሥር ሆኜ ያንን እጇን ነበር የማየው። ስንት ጊዜ እንዲህ ስታደርግ፣ አንዱ የእውነት የእሷ ሆኖ አምልጧት ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ስለዚህ ቆረጥኩ፤ የእማዬ ስልክ የራሱ ድምፅ ይኑረው።

መንገዱ መጨረሻ ላይ የስልክ ቤት ነበር፤ ቤት አይባልም፣ ሰው የገባበት የመስታወት ሳጥን ነው። ባለቤቱን አጎቴ ቻርጀር ብሎታል። ቀጭን ረጅም አንገት አለው፤ ቁጭ ብሎ የሚውለውም የሶኬት ማከፋፈያው አጠገብ ነው። ስም ማውጣት የአጎቴ ትርፍ ሥራ ነበር፤ እኔን ፕሮፌሰር ይለኛል። የቤታችን ሶኬት ስለተበላሸ ስልኩን ቻርጅ ለማስደረግ እማዬ ላከችኝ።

“ጋሼ ቻርጀር፣” አልኩት።

“ማን አልከኝ?”

“ጋሼ።”

“እሱን ሳይሆን ቀጥሎ ያልከውን።” ፈገግ አለ። “አጎትህን አገኘዋለሁ። ስልኩን አምጣ።”

“ድምፁንም ቀይርልኝ። እማዬ ብቻ የምታውቀው ይሁን።”

“ኦሆ! ሪንግቶን ፈልገህ ነዋ!” ወንበሩ ላይ ተስተካከለ። “ዘፈን ትመርጣለህ፤ እኔ አዝማቹን ቆርጬ አወጣለሁ፤ መግቢያውን ትንሽ ከፍ፣ መውጫውን ትንሽ ዝቅ አደርጋለሁ፤ እጭንልሃለሁ። ይከፈልበታል። በነጻም ይሠራል፤ በነጻ የሚፈልግ ግን እዚህ አይመጣም።”

“እዚህ መጥቷል እንጂ፤” አለ ከሳጥኑ ጎን አንድ ድምፅ።

የአከራያችን ልጅ ናት። ኮሌጅ ትማራለች። አጎቴ ዋይፋይ ይላታል፤ ምክንያቱም የቻርጀርን ኢንተርኔት ለመሳብ ሁልጊዜ ያቺ ግድግዳ ላይ ተለጥፋ ነው የምትገኘው።

“ለግማሽ ደቂቃ ድምፅ ልጅ ታስከፍላለህ? አታፍርም?” አለችው። “አፕ አለ እኮ። ዘፈኑን ታስገባለህ፣ ከዚህ እስከዚህ ብለህ በጣትህ ትጎትታለህ፣ ቁረጥ ትለዋለህ፣ አለቀ።”

“ማስታወቂያውስ?”

“ታልፈዋለህ።”

“ዕድሜሽ ነው የሚያልፈው! አንድ አዝማች ለመቁረጥ ስለ ፀጉር ቅባት፣ ስለ ብድር፣ ስለ ቦርጭ ማጥፊያ ተምረሽ ነው የምትወጪው። ቆርጠሽ ስታበቂ ደግሞ ‘ለማስቀመጥ ይክፈሉ’ ይልሻል። ነጻ፣ ነጻ ትያለሽ፤ ነጻውን ኢንተርኔት የሚከፍልልሽ ማን ሆኖ ነው?”

“ከሳጥንህ የሚያፈሰውን ነው የምወስደው።”

“በይ ወሰድሽ፤ ሥሪለታ!”

ዋይፋይ እልህ ያዛት። በራሷ ስልክ የሆነ ዘፈን ቆረጠች፤ በብሉቱዝ ወደ እማዬ ስልክ ላከችው። ስልኩ አሰበ፣ አሰበና ‘ቦታ የለም’ አለ። ደገመችው። ‘ቦታ የለም።’

ቻርጀር ደስ አለው። “ይሄ ሜሞሪ የሌለው ስልክ ነው፣ እህቴ። ዘፈን ቀርቶ ሳል አይዝም።” ከዚያ እኔን አየኝ። ፊቴ ምን ይመስል እንደነበር አላውቅም፤ ብቻ ድምፁን ቀነሰ። “አይዞህ። ለዚህ ዓይነቱ ስልክ የጥሪ ማሳመሪያ ይሻላል። ቦታ አይፈጅም። አንዲት ፊደል በመልእክት ትልካለህ፣ ዘፈን ትመርጣለህ፣ ከዚያ ስልኩ ሲደወል ዘፈን ነው የሚሰማው።”

“ይከፈላል?”

“ለኔ አትከፍልም። እሱ ራሱ ይጨርሳል።”

ዋይፋይ ኔትወርክ አግኝታ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ነበር፤ አልሰማችም። ሰምታ ቢሆን ‘ማነው የሚሰማው?’ ብላ ትጠይቀው ነበር። እኔ አልጠየቅኩም።

“ምን ዓይነት ይሁን? ቀዝቀዝ ያለ ወይስ ደመቅ ያለ?”

“ከስፌት መኪና የሚበልጥ።”

የጭፈራ ዘፈን መረጠልኝ፤ ጭብጨባና ፉጨት ያለበት፣ ቤት የሚያናውጥ። ስልኩን በሁለት እጄ ይዤ ወደ ቤት ስሄድ አባዬን ጀርባዬ ላይ ያዘልኩት መሰለኝ።

በማግስቱ ከጠረጴዛው ሥር ሆኜ ጠበቅኩ። ረፋዱ ላይ ቲሪሪም አለ። እጆች ሁሉ ወደ ኪስ ገቡ። የእማዬ ነው፤ ግን ጭብጨባ የለም፣ ፉጨት የለም፣ ያው የድሮው ቲሪሪም ነው። ልታነሳው ስትል ተዘጋ።

“የማላውቀው ቁጥር ነው፤” አለች ለቁልፍ ሰፊዋ። “ዘጋብኝ።”

“መልሰሽ ደውይ።”

ደወለች። ስልኩን ከጆሮዋ አውርዳ አየችው። “ሂሳብዎ በቂ አይደለም ይለኛል። ትናንት አይደል እንዴ ካርድ የሞላሁት? ማን በላው?”

“ካምፓኒው ነዋ፤ ነግሬሽ!” አለች ቁልፍ ሰፊዋ። እማዬ ስልኩን ወደ ኪሷ መለሰችና ኪሷን ተጫነችው።

ነገሩ የታወቀው አጎቴ እሑድ ሲመጣ ነው። ገና ከበሩ፣ “እትዬ፣ ስልክሽ ምን ነካው? ስደውል ጭፈራ ቤት የገባሁ መሰለኝ እኮ!” አለ።

“የምን ጭፈራ?”

ፊት ለፊቷ ደወለላት። የእሷ ስልክ ጠረጴዛው ላይ ቲሪሪም አለ። አጎቴ የእሱን ስልክ ጆሮዋ ላይ አደረገላት። እኔ ራቅ ብዬ ቆሜ እንኳ ፉጨቱ ይሰማኛል። እማዬ እስኪያበቃ ሰማችው። አጎቴ ይስቃል፤ ሲስቅ ያስላል፤ ሲያስል ፊቷን አየና ስልኩን ከጆሮዋ ወሰደ።

“ሰው ሲደውልልኝ የሚሰማው ይሄ ነው?”

“ይሄ ነው።”

“እነሱም ቢደውሉ?”

“እነሱም ያው...”

እማዬ ወንበር ሳበች። “ባሏ እንዲህ ሆኖ እሷ ታስጨፍራለች ይሉኛላ፤” አለች። ስትናገር አልተቆጣችም። የደከማት ሰው እንዴት እንደሚናገር ያኔ አላውቅም ነበር፤ ይቅር ያለችኝ መሰለኝ።

ዋይፋይ ተጠርታ መጣች። “በነጻ ነው አለህ? ከእናትህ ሂሳብ እኮ ነው በየቀኑ የሚቆርጠው!” እያለች ቻርጀርን ረገመችው። ለመግባት አንዲት ፊደል በቅቶ ነበር፤ ለመውጣት ግን ስልኩ ‘እርግጠኛ ነዎት?’ እያለ ደጋግሞ ጠየቃት፤ እርግጠኛ መሆኗን ስትነግረው ደግሞ ሌላ ዘፈን ሊመርጥላት ፈለገ።

አባቴ ብዙ ዓመት ቆይቶ ነገረኝ፤ እንደ ቀልድ አድርጎ ነው የነገረኝ። አንድ ደግ ፖሊስ ስልኩን ለአፍታ አውሶት ነበር። ደወለ። ጭብጨባና ፉጨት ሰማ። ቁጥር የተሳሳተ መስሎት ዘጋው፤ ሌላ ቁጥር በቃሉ አያውቅም፣ አመስግኖ ስልኩን መለሰ። ያ ደግ ፖሊስ ሁለተኛ ተረኛ ሆኖ አልመጣም። ይህንን ለእማዬ ነግሯት እንደሆነ አልጠየቅኩትም። እኔ ዛሬ ስልኬን ድምፅ አልባ አድርጌ ነው የምይዘው፤ የሚደውልልኝ ሰው ካለ ብርሃኑን አያለሁ።

ዋይፋይ ግን ከነገሩ በኋላ አልተኛችም። ማታውን የእማዬን ስልክ ስትጎረጉር ቆይታ በማግስቱ ጠዋት ደረጃው ላይ ጠራችኝ።

“ድምፅ መቅጃ አለው!” አለችኝ። “ዘፈን አይዝም እንጂ ትንሽ ድምፅ ይቀዳል፤ የቀዳኸውን ለጥሪ ማድረግ ይቻላል። ያለ አፕ፣ ያለ ማስታወቂያ፣ ያለ ቻርጀር። ይኸውልህ ነጻ ማለት! አሁን እናትህ ከሺህ ድምፅ መሀል የምትለየውን ነገር በል።”

ምን እንደምል ለረጅም ጊዜ አሰብኩ። ከዚያ አፌን ወደ ስልኩ አስጠጋሁና፣ “እማዬ፤” አልኩ።

“አይሰማም። ጮክ በል።”

“እማዬ!”

“እንዲህ የሚጠራ ልጅ የለም፤ ክፍል ውስጥ ስም እየጠራህ ነው እንዴ?” ብላ ክንዴን ቆነጠጠችኝ።

“እማዬዬዬዬ!” አልኩ፣ በእውነት።

“ተቀዳ!” አለች፤ ክንዴን እያሸችልኝ ትስቃለች። እኔም እንባዬን ጠርጌ ሳቅኩ። ክንዴ ያመመኝ በከንቱ እንዳልሆነ ገብቶኝ ነበር።

መጀመሪያ የጠራው ከሰዓት በኋላ፣ አዳራሹ በሥራ በሚጋጋልበት ሰዓት ነው። የደወለው አጎቴ ነው፤ ለወሬ። “እማዬዬዬዬ!” አለ ስልኩ። መኪናዎቹ በሙሉ ቀጥ አሉ። እንዲህ ያለ ጸጥታ እዚያ አዳራሽ ውስጥ ሰምቼ አላውቅም። ሁሉም ሴቶች አንድ ላይ ብድግ አሉ፤ ሁሉም ወደ በሩ አዩ፤ ከመሀላቸው አንዲቷም ‘የኔ ነው?’ ብላ አልጠየቀችም። ሁሉም የራሳቸው ልጅ ነው የመሰላቸው። ቁልፍ ሰፊዋ እንኳ፣ ልጆቿ አድገው ያገቡት፣ “ወይ ልጄን!” ብላ መቀሷን ጥላ ሮጠች።

ያን ቀን ኪሱ ጀርባው ላይ የተሰፋ ሸሚዝ ተገኘ። የአዳራሹ ኃላፊ ሸሚዙን ከፍ አድርጋ ለሁሉም አሳየች፤ ከዚያ ካርቶን አስመጣች።

“ከነገ ጀምሮ ስልክ በር ላይ ይቀራል። ካርቶን ውስጥ። እማማ ይጠብቁታል።”

“እባክሽ፣ እኔ ስልክ እየጠበቅኩ ነው፤” አለቻት እማዬ።

“ስልክ የማይጠብቅ ማን አለ? እኔስ አልጠብቅም?”

ወደ ቤት ስንሄድ እማዬ እጄን ይዛኛለች። አስፋልቱን ስንሻገር፣ “ስልኬን ለምን አትተውልኝም?” አለችኝ።

“እንድትሰሚው ነው።”

“ማንን?”

“የሚደውለውን።”

ልትጠይቀኝ አፏን ከፈተች፤ ግን ታክሲው መጣ፣ ግፊያ ሆነ፣ ቦታ ስናገኝ ደግሞ ራሷን መስታወቱ ላይ አስደግፋ አሸለበች። ድምፁን ወደ ድሮው እንዴት እንደምትመልሰው አታውቅም ነበር፤ ዋይፋይ ለፈተና ጓደኛዋ ቤት ሄዳለች፤ ቻርጀር ጋ እንዳልሄድ ደግሞ ተከልክያለሁ። ስለዚህ ስልኩ እንደጮኸ ቀረ።

እማማ የበር ጥበቃ ናቸው፤ ሸምገል ያሉ፣ ደረቅ ሴት። ካርቶኑን እግራቸው ሥር አድርገው ይቀመጣሉ። ስልኮቹ ሲጠሩ ዞር ብለው አያዩም። “እንደ ጫጩት ሲንጫጩ ይውላሉ፤ ጫጩት ሁሉ ሲጮህ ይነሳል እንዴ?” ይላሉ። ሴቶቹ ለሻይ ሲወጡ ብቻ እየመረጡ ያዩታል። እማዬ በየሻዩ ሰዓት ቀድማ ትወጣለች፤ ስልኳን ከካርቶኑ አውጥታ ታየዋለች፤ መልሳ ከላይ ታደርገዋለች፣ ሌሎቹ እንዳይጫኑት። እኔም ከጠረጴዛው ሥር ወጥቼ በር አጠገብ መቀመጥ ፈልጌ ነበር፤ ኃላፊዋ መልሳ አስገባችኝ። ከዚያ ወዲያ ተስፋ ቆረጥኩ። አባዬ አሁን ቢጣራ ካርቶን ውስጥ ነው የሚጣራው።

ዝናብ ቆርቆሮውን የሚደበድብበት ቀን ነበር። መኪናውና ዝናቡ አንድ ላይ ሆነው ሴቶቹ በምልክት ነው የሚነጋገሩት። እማማ በኋላ እንደተናገሩት፣ መጀመሪያ የሰሙት ውጭ መስሏቸው ነበር። ልጅ ዝናብ ውስጥ እናቱን እየጠራ። በሩን ከፍተው፣ ዝናቡ ውስጥ ወጥተው፣ ግራና ቀኝ አዩ። ማንም የለም። ሲመለሱ ካርቶኑ ነው የሚያለቅሰው።

እኔ ያየሁት ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። እማማ በመኪናዎቹ መሀል ይመጣሉ፤ ሻርፓቸው ከዝናቡ ርሷል፤ ስልኩን በሁለት እጃቸው ደረታቸው ላይ አቅፈውታል፤ እሱም “እማዬዬዬዬ!” ይላል።

“የማነው? ኧረ እናቱ የታለች? አንሱት፣ ልቤን በላው እኮ!”

“እማማ!” አለች ኃላፊዋ። “ስልክ ወደ ውስጥ አይገባም ተባብለናል!”

“እናቱን እየጠራ በር ላይ ልተወው? እኔ አልችልም። ከፈለግሽ አባሪኝ!”

እማዬ ደርሳ ተቀበለቻቸው። አነሳችው። አንድ ጆሮዋን በመዳፏ ደፍናለች። ማን እንዳላቸው አላውቅም፣ መኪናዎቹ አንድ በአንድ ቆሙ፤ ዝናቡ ብቻ ቀረ።

“አቤት... አዎ፣ እኔ ነኝ... አዎ፣ ባለቤቱ...” መዳፏን ጆሮዋ ላይ አጠበቀች። “ተጣራ? ምን ተባለ?... እሺ። እሺ። አሁኑኑ እመጣለሁ።”

ተቆርጦ የተከመረ እጅጌ ላይ ቁጭ አለች። ክምሩ ከሥሯ ተንሸራተተ፤ እሷም አብራ ወለሉ ላይ ወረደች፤ አልተነሳችም። ከጠረጴዛው ሥር እየዳኽኩ ሄጄ ጉልበቷን ያዝኩ።

“አባዬ ነው?”

“የአባትህ ነው፤” አለች።

አባቴ አልነበረም። ድምፁን እንኳ ደግማ ልታስታውሰው የማትችለው አንድ ጸሐፊ ነው። በርሜሎቹ ሌላ መጋዘን ውስጥ ተገኝተዋል፤ ሲራገፉ ነው በስህተት እዚያ የገቡት፤ መጥታችሁ ውሰዱት። እንዲህ ነው ያላት፣ ሁለተኛ አልደገመላትም። በእነዚያ ሳምንታት የመጋዘኑ ቁልፍ ለሌላ ሰው መሰጠቱን የሰማነው ኋላ ነው። እኔ ግን የሰማሁትን ሰምቻለሁ፤ የአባትህ ነው ብላለች። ተጣራ፣ ሰማችው።

ሽርጧን ሳታወልቅ ሄድን። ጣቢያው ምን ዓይነት ቤት እንደሆነ አልጠየቅኩም፤ ሌላ ከተማ ሲሉኝ እንዲህ ቅርብ መሆኑን አለማወቄ ገረመኝ እንጂ። አባዬ በትንሿ በር ወጣ። ጢሙ አድጓል። ጫማው ክር የለውም፤ እንዳይወልቅበት እግሩን እየጎተተ ነው የሚራመደው። እማዬ አላቀፈችውም። አየችው፣ ጫማውን አየች፣ ከሽርጧ ኪስ የኮሌታ ማጠንከሪያ ጥብጣብ አወጣችና እግሩ ሥር ተንበረከከች። በክሩ ቀዳዳ ጥብጣቡን ታስገባ ጀመር፤ ዓይኗ እንባ ስለሞላ ቀዳዳውን ትስተዋለች።

እኔ ግን መቆየት አልቻልኩም። “አባዬ፣ ስትጣራ ሰማንህ፤” አልኩት።

“ምን ስሆን?”

“ስትጣራ። አጎቴ ነው የነገረን፣ እየተጣራ ነው እያለ። እማዬ ግን አልሰማችህም፤ የሁሉም ስልክ ቲሪሪም ነው የሚለው። ለዚያ ነው የቀየርኩት። መጀመሪያ በዘፈን ነበር፣ እሱ እንቢ አለ። በኋላ በኔ ድምፅ።”

የእማዬ እጅ ቆመ። ጥብጣቡ በጣቶቿ መሀል እንዳለ ቀና ብላ አየችኝ፤ ያን ክረምት ለመጀመሪያ ጊዜ ያየችኝ መሰለኝ። “አንተ ልጅ፤” አለች። “አንተ ልጅ...” ግንባሯን የአባዬ ጉልበት ላይ አሳረፈች፤ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ የምትስቅ ይሁን የምታለቅስ አልለየሁም። ዛሬም አልለየሁም።

አባዬ እሷን አየ፣ እኔን አየ። ዘግይቶ ነው ነገሩ የገባው።

“ተጣራሁ፣ ልጄ፤” አለ። “ተጣርቼ ጨረስኩ።”

ጥብጣቡ ነጭ ነው፣ ጫማው ጥቁር። እንደዚያው ሆነን ታክሲ ያዝን።

በፊት አባቴ ከሥራ ሲመጣ ድምፁ ነበር ከእሱ ቀድሞ የሚገባው። ገና ከግቢው በር እኔን ይጠራል፣ እማዬን ይጠራል፣ የአከራያችንን ውሻ ይጠራል። ከዚያ ወዲህ ሲጣራ ሰምቼው አላውቅም። ያገኘውን የቀን ሥራ ሠርቶ ሲመለስ ዝም ብሎ ደጃፉ ላይ ይቆማል፣ አንድ ሰው እስኪያየው። አሁን አርጅተዋል፤ በወር አንዴ እጠይቃቸዋለሁ። እማዬ ከተቀመጠችበት ቀና ስትል በሩ ላይ ታየዋለች።

“ግባ እንጂ፣ ምነው? የራስህ ቤት እኮ ነው፤” ትለዋለች።

“መጣሁ፤” ይላል። ትንሽ ግን ይቆማል።